የደከመ ጓሮ በበጋ መገባደጃ፦ ስድስት ሕመምና አንድ ትንሽ ጉድጓድ

ጓሮዬ በበጋው መጀመሪያ ላይ ለፎቶ የሚሆን ነበር። ቲማቲሙ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዝኩኒው ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቷል። ሰላጣው ረድፉን ይዞ ተደርድሯል። በጋው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ግን እንግዳ ሲመጣ በጓሮ በኩል ያለውን መጋረጃ መዝጋት ጀመርኩ። አልቀልድም።

ታሪኩ የ5 ሳምንት ነው። ጓሮው ምን ላይ እንደነበር፣ እኔ ምን እንደመሰለኝ፣ ኋላ ምን ሆኖ እንደተገኘ ከማስታወሻ ደብተሬ እያየሁ ልጻፈው። ያበላሸሁትም አለበት። እሱን ብተወው ጽሑፉ ያምር ነበር፤ ግን ለማንም አይጠቅምም።

መደቦቹ እና የጎማው ልማድ

4 መደብ አለኝ። እያንዳንዱ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። በጠቅላላው 19 ካሬ ሜትር ገደማ። አንደኛው መደብ ላይ 12 እግር ቲማቲም አለ። ሁለተኛው ላይ 10 እግር ቃሪያ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ በሶብላ። ሦስተኛው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹን 2 እግር ዝኩኒ ይዞታል፣ ግማሹን 4 እግር ኪያር። አራተኛውም እንደዚያው ነው። በአንድ ወገን እንጨት ላይ የወጣ ፎሶሊያና አንድ ረድፍ ሰላጣ፣ በሌላው ወገን ቆስጣ።

ውሃ የማጠጣው ማታ ነው። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ጎማውን አነሳለሁ። ለ5 ደቂቃ ያህል ከላይ ከላይ ሁሉንም አርሳለሁ። ቅጠሉ ሲያብለጨልጭ፣ አፈሩ ሲጠቁር ደስ ይለኛል። ቅዳሜና እሁድ ቤት ስለማልውል አላጠጣም። ሰኞ ማታ ግን ለካሳ እጥፍ አጠጣለሁ። ከዚህ በላይ ጠንቃቃ ሰው የለም ብዬ አስብ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ዙር

አንድ እሁድ ጠዋት ከወትሮው ቀድሜ ተመለስኩና ደብተር ይዤ ዞርኩ። ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ።

ቲማቲሙ የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ቢጫው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ነጠብጣቡ በውስጡ ክብ በክብ ነው፤ ድንጋይ የወደቀበት ውሃ ይመስላል። ፍሬው ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ገልብጬ ሳየው ግን ቂጡ ጠቁሯል። ጥቁሩ ቦታ ሰርጎድ ብሎ እንደ ቆዳ ደርቋል። የበሰሉት ደግሞ ከታች ቀይ፣ ከተንጠለጠሉበት በኩል ቢጫ ናቸው። አበባው ይረግፋል። በጣቴ ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ቀረ።

የዝኩኒው ቅጠል ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ትናንሽ ፍሬዎቹ ጣት ሳያክሉ ከጫፋቸው እየለሰለሱ ይበሰብሳሉ። ኪያሩ ቅጠሉ ነሐስ መስሏል። አንዱን ፍሬ ቀጥፌ ቀመስኩና ተፋሁት፤ መራራነቱ ምላሴ ላይ ከረመ። ፎሶሊያው ማበቡን ትቷል። የተንጠለጠለው ሁሉ አብጦ፣ ክር ክር ብሎ፣ ለመቀቀል የማይሆን ነው። ሰላጣው ወገቤ ድረስ መዝዞ ወጥቷል፤ ግንዱን ስሰብረው ነጭ ወተት አንጠባጠበ። ቃሪያው ከሁሉ ይሻላል። ቢሆንም ጠዋት በ3 ሰዓት እንኳ ቅጠሉን ጣል አድርጎ ቆሟል። ደህና ነኝ የሚል ቆስጣው ብቻ ነበር።

ደብተሬ ላይ ከቆስጣ በስተቀር ስድስቱንም አንድ በአንድ አስፍሬ፣ በየአንዳንዱ ትይዩ «ምን በሽታ?» ብዬ ጻፍኩ። ለስድስቱ ስድስት መድኃኒት ፍለጋ ልወጣም ነበር። ለቲማቲሙማ ቀደም ብዬ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ ግንዱ ሥር በትኛለሁ። ቂጡ የሚጠቁረው ካልሲየም ሲያንሰው ነው ሲባል ሰምቼ ነዋ። ቅርፊቱ ከ3 ሳምንት በኋላም እንደተበተነ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል።

ጉድጓዱ

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ስንከራተት ሲያዩኝ ቆይተው ኖሮ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ምንም አልጠፋብኝም እማማ። ሁሉም ታሞብኝ ነው።»

«ውሃስ ታጠጪዋለሽ?»

«በየቀኑ!»

ሳቅ አሉ። «እስቲ እንጨት ስደጂበት» አሉኝ።

አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ቀጭን እንጨት አንስቼ ቲማቲሙ መሃል ሰደድኩት። ሁለት ጣት ያህል ገባና ቆመ። ገፋሁት፤ ተሰበረ። ቦታ ቀይሬ ሞከርኩ፤ ያው ነው። እንጨቱን ትቼ ትንሿን አካፋ አመጣሁና 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፈርኩ።

ያን ጉድጓድ አልረሳውም። ከላይ ሁለት ጣት የሚያክል ጥቁር፣ ርጥብ አፈር አለ። ከዚያ በታች መስመር የተሰመረ ያህል ቀለሙ ይቀየራል። ግራጫ ነው። ክው ብሎ ደርቋል። በእጄ ስፈረፍረው እንደ አመድ በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ሥሮቹም ያንኑ መስመር አውቀውታል። ቀጫጭኖቹ ሥሮች በሙሉ ከላይ ባለችው ርጥብ ንብርብር ውስጥ ወደ ጎን ተጋድመዋል። ወደ ታች የወረደ እምብዛም አልነበረም። በየማታው ጎማ ይዤ ሥሩን ወደ ላይ ስጠራው ከርሜአለሁ ማለት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ መጀመሪያ የምታደርቀው ያችኑ ሁለት ጣት ነው።

ሒሳቡ

ወዲያው ባልዲ አመጣሁ። 10 ሊትር የሚይዘው ባልዲ በ50 ሰከንድ ሞላ። በደቂቃ 12 ሊትር ነው። በ5 ደቂቃ 60 ሊትር። ይህ ለ19 ካሬ ሜትር ሲካፈል ለ1 ካሬ ሜትር 3 ሊትር ብቻ ይደርሰዋል። 1 ሊትር ውሃ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ የ1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ነው። ስለዚህ እኔ በየማታው የማጠጣው 3 ሚሊ ሜትር ነው። አቧራ የሚያበርድ ካፊያ በሉት።

በሳምንት ሲታሰብ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ 240 ሊትር፣ የሰኞው እጥፍ 120 ሊትር፣ በድምሩ 360 ሊትር ይሆናል። የጓሮ አትክልት መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚሉት በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጣም ሲሞቅ ይህም ላይበቃ ይችላል። በዚህ ልክ ልሂድ ካልኩ አንድ መደብ በሳምንት 120 ሊትር ይፈልጋል። አራቱ መደብ 480 ሊትር። ያን ያህል ውሃ በየሳምንቱ ማፍሰስ አልፈለግኩም።

ያኔ ነው ጥያቄው የተለወጠው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «ስድስቱን እንዴት ላድን?» እያልኩ ነበር። 360 ሊትር ለሦስት መደብ ይበቃል። እንግዲያው የአንድ መደብ ያህል ተክል መቅረት አለበት። የትኛው?

ማን ይቅር፣ ማን ይሰንብት

ሰላጣው ላይ አላቅማማሁም። ሰላጣ ቀኑ ሲረዝምና ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ዘር ይሄዳል። አንዴ ግንድ ካወጣ በኋላ ቅጠሉ ይመራል። ውሃ አይመልሰውም። ነቅዬ ብስባሽ ክምር ላይ ጣልኩት።

ፎሶሊያው ቆም ብዬ እንዳስብ አደረገኝ። ማበቡን የተወው ታሞ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ፎሶሊያ ለጋውን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ሲለቅሙለት ነው የሚያብበው። ተንጠልጥሎ እንዲያፈራ ከተዉት ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ በመሃል ለ2 ሳምንት ያህል ተዘናግቼ ነበር። እንግዲህ አብጦ ከነበረው ለምን ዘር አላወጣም? ለዘር የሚቀመጥ ፎሶሊያ ሐረጉ ላይ መድረቅ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ውሃ አያስፈልገውም። ፎሶሊያ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሩ እናቱን መምሰሉ አያሳስብም። ያ ግማሽ መደብ ከውሃ ወጣ።

ኪያሩ አሳዘነኝ። መራራነቱ የሚመጣው ኩኩርቢታሲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ተክሉ በሙቀትና በውሃ ጥም ሲጨነቅ ይበዛል፤ በተለይ ፍሬው ከተንጠለጠለበት በኩልና ከልጣጩ ሥር ይጠራቀማል። ያን እንኳ ውሃ ባሻሻለው ነበር። ነሐስ የመሰለው ቅጠል ግን ሌላ ነገር ነው። ነጭ ወረቀት ቅጠሉ ሥር ይዤ ቅጠሉን መታ መታ አደረግኩት። ወረቀቱ ላይ በርበሬ ብናኝ የመሰለ ነገር ወደቀ። ዝም ብዬ አየሁት። ብናኙ መሄድ ጀመረ።

ቀይ ሸረሪት የሚባለው ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስለማይሞላ በዓይን ለማየት ይቸግራል። ከቅጠሉ ሥር ተቀምጦ ይመጥጣል፤ ድሩንም እዚያው ያደራል። ሙቀትና ድርቀት ይስማማዋል። ሲሞቅ ከእንቁላል እስከ መውለድ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። አራቱም ኪያር እስከ ጫፋቸው ተይዘዋል። ነቀልኳቸው። ብስባሽ ክምር ላይ ግን አላኖርኳቸውም። የእኔ ክምር ቀዝቃዛ ነው፤ ተባይ የሚገድል ሙቀት አያወጣም። ፌስታል ውስጥ ከትቼ አፉን አስሬ አስወጣሁ። ቃሪያው እንዳይከተል ደግሞ በ3 ቀን ልዩነት ለሦስት ጠዋት የቅጠሉን ሥር በጠንካራ ውሃ አጠብኩት። ጥቂት ነበሩበት፤ ጠፉ ለማለት ባልደፍርም አልበዙም።

በዚህ መንገድ ግማሽ መደብ ከሦስተኛው፣ ግማሽ መደብ ከአራተኛው ተቀነሰ። የቀሩት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዝኩኒና ቆስጣ ናቸው። ልክ ሦስት መደብ። ውሃው ያው 360 ሊትር።

አጠጣጡ

በሳምንት ሁለት ጊዜ አደረግኩት፤ ሰኞና ሐሙስ። ለአንድ ሙሉ መደብ በአንዴ 60 ሊትር፣ ማለትም 5 ደቂቃ። ድሮ ለጓሮው በሙሉ የማውለው ጊዜ መሆኑ ነው። ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን፣ ማታ ሳይሆን በማለዳ።

የመጀመሪያው ሰኞ ያበሳጫል። ውሃውን ስለቀው አፈሩ አልጠጣ አለ። ሰም ላይ እንደወደቀ ላዩን ተንከባሎ ወደ መተላለፊያው ወረደ። ለካ አፈር ከልክ በላይ ሲደርቅ ውሃን ይገፋል። እንዲህ ሲሆን አንድ ጊዜ ብዙ ማፍሰስ ዋጋ የለውም። በየተክሉ ዙሪያ ትንሽ ጎድጓዳ ሣህን የመሰለ ክብ ሠራሁ። 20 ሊትር አጠጣሁ፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ደግሞ 20። ደግሞ ጥበቃ። ደግሞ 20። በሁለተኛው ሳምንት አፈሩ ለምዶ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ጀመረ።

ከዚያ የደረቀ ሣር ጎዘጎዝኩ። ውፍረቱ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ግንዱን እንዳይነካና እንዳያሻግት አራት ጣት አርቄ ነው ያኖርኩት። ሣሩ አለቀብኝና ዳር ያሉት 3 እግር ቲማቲሞች ሳይጎዘጎዝላቸው ቀሩ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቲማቲሙ፣ ብዙ የተማርኩበት

የቂጡን መጥቆር እንውሰድ። ካልሲየም ሲያንስ ነው የሚለው ስህተት አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሞልቷል። የሚያንሰው ፍሬው ጫፍ ላይ ነው። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውሃው ጋር ተሳፍሮ ነው። ውሃው ደግሞ ወደሚተንበት ይሮጣል፤ ወደ ቅጠሉ ማለት ነው። ፍሬው እምብዛም ስለማያተን የሚደርሰው ትንሽ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጥም፣ ሰኞ ጎርፍ ሲሆንበት በፍጥነት እያደገ ያለው የፍሬው ጫፍ በመሃል ካልሲየም ይቋረጥበታል። እዚያ ያለው ሥጋ ይፈርሳል፤ ይጠቁራል። በሽታ አይደለም፣ አይተላለፍም። የእንቁላል ቅርፊቱም ለመበስበስ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ነው፤ ለዘንድሮ ፍሬ አይደርስም።

የጠቆረ ፍሬ አይድንም። 23 ፍሬ ለቀምኩ። ጥቁሩን ቆርጬ ጥዬ የቀረውን ተጠቀምኩበት፤ ምንም አይልም። ውሃው ከተስተካከለ ከ2 ሳምንት በኋላ ያበጡት አዳዲስ ፍሬዎች ቂጣቸው ንጹሕ ነበር። በአምስቱ ሳምንት ውስጥ ከነሱ መሃል የጠቆረ ያገኘሁት 2 ብቻ ነው።

የአበባው መርገፍና ያ ቢጫ ትከሻ ግን ከእኔ ጋር አይገናኙም። ሙቀት ናቸው። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍና ሌሊቱም ሳይበርድ ሲያድር የቲማቲም የአበባ ብናኝ ይደክማል። አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ቀዩ ቀለም ደግሞ ላይኮፒን ይባላል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲበልጥ መሠራቱ ይቀንሳል። ለዚህ ያገኘሁት ዘዴ ቀላል ነው። ፍሬው ጫፉ ላይ ሮዝ ማሳየት ሲጀምር እቀጥፈዋለሁ። ቤት ውስጥ ጥላ ላይ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ አስቀምጠዋለሁ። በ5 እና በ6 ቀን ወጥ ቀይ ይሆናል። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ብርዱ ጣዕሙን ይገድለዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ክብ በክብ የሆነው ነጠብጣብ አልተርናሪያ የሚባል ፈንገስ ሥራ ነው። ከአሮጌው፣ ከታችኛው ቅጠል ይጀምራል። ከአፈር ላይ በውሃ ፍንጣቂ ይወጣል። የእኔ የማታ ሻወር እንዴት እንዳገለገለው ገምቱ። መፍትሔው የታመሙትን የታች ቅጠሎች ማንሳትና ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ግንዱን ማራቆት ነው። መቀሱን ያዝኩ። አስሩን በልኩ አደረግኩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጋ ስደርስ ሞቅ አለኝ። «ትንሽ አየር ይግባቸው» እያልኩ እስከ ወገባቸው መለጥኳቸው። ሲያምሩ!

በአራተኛው ቀን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። በቅጠል ጥላ ውስጥ የኖሩት አረንጓዴ ፍሬዎች በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ወጥተዋል። በምዕራብ በኩል ያለው ጎናቸው ነጣ። ከዚያ እንደ ወረቀት ሳሳ። ከዚያ ሻገተ። 9 ፍሬ በዚህ ጠፋ። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይህ ነው፤ ሌላውን ሙቀቱ ነው እላለሁ፣ ይሄን ግን በገዛ መቀሴ ነው የሠራሁት። በአሮጌ ነጭ ጨርቅ ጥላ ሠራሁላቸውና የቀረው ተረፈ።

በሁለተኛው ሳምንት አናታቸውን ቀነጠስኩ። ከአበባ እስከ በሰለ ፍሬ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ከሙቀቱ ጊዜ የቀረን 6 ሳምንት ገደማ ነው። አሁን የሚፈነዳው አበባ ቢቋጥርም ከብርዱ በፊት መብሰሉ ያጠራጥራል። ተክሉ አቅሙን ቀድሞ ለተቋጠረው ይስጥ ብዬ ነው። እምቡጥ ያለበትን ቀንበጥ መቀንጠስ እጅ ያስራል። ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያደረግኩት ማለት ይቻላል።

ዝኩኒው

ነጩ ዱቄት አመዳይ የሚሉት የፈንገስ በሽታ ነው። ይህንንም በውሃዬ ላይ ላላክክ ነበር። ግን አይሆንም። ከብዙዎቹ ፈንገሶች በተለየ ቅጠሉ እንዲርስለት አይፈልግም። ሞቅ ያለ ቀን፣ ርጥበት ያለው ሌሊት፣ የተጨናነቀ ቅጠል ይበቃዋል። ዕድሜው የገፋ ዝኩኒን የበጋው መጨረሻ ላይ ያገኘዋል፤ እንደ ሽበት ነው። ድኝ ይረጫል ይባላል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ድኝ ራሱ ቅጠል ያቃጥላል፤ ስለዚህ ተውኩት። በጣም የነጡትን 5 ቅጠሎች ከሥር ቆረጥኩ። ሌላውን አልነካሁም፤ ከቲማቲሙ በኋላ መቀስ ፈርቼ ነበር።

የሚበሰብሱት ትናንሽ ፍሬዎች ጉዳይ ግን ደስ የሚል ሆኖ ተገኘ። ዝኩኒ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዱ በቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል። ሴቷ ከአበባዋ ጀርባ ጣት የምታክል ፍሬ ይዛ ትወለዳለች። ብናኝ ካልደረሳት ያች ፍሬ ከጫፏ ትበሰብሳለች። ታማ ሳይሆን ሳትዳቀል ቀርታ ነው። አበባው ደግሞ ጠዋት ይከፈትና እኩለ ቀን ሳይደርስ ይዘጋል። እኔ ማታ ነው የምመጣው፤ አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ማለዳ ወንዱን አበባ ቀጠፍኩ። ቅጠሎቹን ገነጠልኩና መሃል ያለውን ቢጫ ዘንግ ብቻ አስቀረሁ። ጣቴ ላይ ቢጫ ዱቄት ቀረ። ሴቷ አበባ መሃል ላይ ቀስ ብዬ አሻሸሁት። ከ3 ቀን በኋላ ፍሬዋ እጥፍ ሆናለች። በሁለቱ እግሮች ላይ በዚህ መንገድ 7 ፍሬ ያዝኩ። ኋላ ላይ እጄ ሳያስፈልግም ጀመሩ። በሶብላው እንዲያብብ ትቼው ስለነበር ንቦች እዚያ ይርመሰመሱ ነበር፤ ዝኩኒውም በዚያው ተጎበኘ መሰለኝ።

ቃሪያው ላይ ብዙ የምለው የለም። በሦስተኛው ውሃ ቅጠሉን አነሳ። ሌሊቱ በረድ ሲልለት እንደገና አበበ። ቆስጣው ድሮም አላጉረመረመም። ውጪ ውጪውን ቅጠል እየለቀምኩ መሃሉን ተውኩለት።

ዝናቡ

በአራተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሳይታሰብ ዘነበ። ጣሪያው ሲንኳኳ ነቅቼ ደስ እያለኝ ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት ቲማቲሙ ጋ ስሄድ ፍሬዎች ተሰነጣጥቀዋል። ደርቆ የቆየ ተክል በአንዴ ብዙ ውሃ ሲጠጣ ፍሬው ከውስጥ ያብጣል። ልጣጩ ግን ጠንክሯል፤ አይለጠጥለትም። ስለዚህ ይሰነጠቃል።

ያን ሣር ያላዳረስኳቸውን 3 እግሮች አስታወሳችሁ? ቆጠርኩ። በነሱ ላይ 11 ፍሬ ተሰንጥቋል። ሣር በተጎዘጎዘላቸው 9 እግሮች ላይ በሙሉ 4 ብቻ። ሦስቱ ዳር ላይ ስለሆኑ ፀሐይም ይበዛባቸዋል፤ ልዩነቱን በሙሉ ለሣሩ መስጠት ይከብዳል። ለሚቀጥለው ግን ሣሩን ቀድሜ ነው የማዘጋጀው። የተሰነጠቁትን ሳያድሩ ለቀምኳቸው፤ ቢያድሩ ዝንብና ሻጋታ ይቀድመኛል።

ፎሶሊያውን ከዝናቡ በኋላ ፀሐይ ሲወጣ ከነሐረጉ ቆርጬ ጣሪያ ሥር ሰቀልኩት። ሥሩን አልነቀልኩም። ሥሩ ላይ ናይትሮጅን የሚያኖሩ ትናንሽ እብጠቶች አሉ፤ እዚያው ቢበሰብሱ ለመደቡ ነው። ሲደርቅ ፈለፈልኩት። ሁለት እፍኝ ዘር ወጣ።

አንዱን እፍኝ ለጎረቤቴ ወሰድኩ። እማማ ተቀብለው አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ነከስ አደረጉ። «ደርቋል፣ ይቀመጣል» አሉ። ቀጥለው የቲማቲሙንም ዘር ጠየቁኝ። የእኔ ዲቃላ ዘር ስለሆነ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል አልኳቸው። «እሱስ ከሰውም አለ» ብለው ሳቁ። ሦስት የበሰለ ፍሬ ሰጠኋቸው፤ ይሞክሩት።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ከሐሙሱ ውሃ ማግስት፣ ሣሩን ገለጥ አድርጌ ከመጀመሪያው ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ቆፈርኩ። ያ መስመር የለም። አፈሩ ከላይ እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ነው። ጨበጥ ሳደርገው ይያያዛል፣ ስለቀው ይፈረካከሳል። በጎን በኩል ቀጫጭን ነጫጭ ሥሮች ወደ ታች መውረድ ጀምረዋል። አንድ የምድር ትል ተንቀሳቀሰና ተመልሶ ገባ። ጉድጓዱን መለስኩት።

የኪያሩ ግማሽ መደብ ባዶ ነበር። እሱን በስሱ ኮትኩቼ ሁለት ረድፍ ቆስጣ ዘራሁበት። በስምንተኛው ቀን ብቅ አለ።